ሀንድአውቱ በግራ፣ ደብተሩ በቀኝ

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

የመውጫ ፈተና ሲቃረብ የሚደርሱን ጥያቄዎች መልካቸው ይለያይ እንጂ ጉዳያቸው አንድ ነው፦ የሚነበበውንና የሚጻፍበትን በአንድ ስክሪን ላይ አብሮ ማየት። ከባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ የፖሊና የዘንዘልማ ግቢዎች፣ ከዘጌና ከባሕር ዳር ከተማ ውስጥ ከመጡት መካከል ሰባቱን መርጠናል። የተደጋገሙትን አጣምረናል፤ የጠያቂዎቹን ስም አላወጣንም።

ጥያቄ፦ ለመውጫ ፈተና እየተዘጋጀሁ ነው። ሀንድአውቶቼን በሙሉ ዋንኖት ውስጥ አስገብቻለሁ፤ ማስታወሻዬም እዚያው ነው። ሀንድአውቱን ሳነብ ማስታወሻው ይጠፋል፤ ማስታወሻውን ስከፍት ደግሞ ሀንድአውቱ ላይ የነበርኩበት ቦታ ይጠፋብኛል። ላፕቶፔ 14 ኢንች ነው። ሁለቱን አንድ ላይ ማየት አይቻልም? (ከፖሊ ግቢ)

መልስ፦ ይቻላል፤ መጀመሪያ ግን የማይክሮሶፍት የማስታወሻ አፕ ከሆነው ከዋንኖት የትኛውን እንደሚጠቀሙ ይዩ። «ዋንኖት ፎር ዊንዶውስ 10» የሚባለው ከጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም ጀምሮ ድጋፉ ተቋርጧል፤ ያሳያል እንጂ አያጽፍም። ላፕቶፕዎ ላይ ያለው እሱ ከሆነ «ዋንኖት» ብቻ የሚለውን ከማይክሮሶፍት ስቶር በነጻ ያውርዱ። ከዚህ በታች የምንለው ለዚህኛው ነው።

ዋንኖትን ከፍተው ኮንትሮልንና ኤምን አብረው ይጫኑ። ያው ደብተር በሁለተኛ መስኮት ይከፈታል። በአንዱ ሀንድአውቱን፣ በሌላው ማስታወሻውን ያውጡ። ሀንድአውቱ ያለበትን መስኮት ጠቅ አድርገው የዊንዶውስ ቁልፍንና የግራ ቀስትን ሲጫኑ ግማሹን ስክሪን ይይዛል። በቀሪው ግማሽ የተከፈቱት ሌሎች መስኮቶች አነስ ብለው ይደረደራሉ፤ ከእነሱ ማስታወሻውን ይምረጡ። መሃል ያለውን ድንበር በማውስ ሲጎትቱት አንዱ ሲሰፋ ሌላው ይጠብባል። እኩል ለእኩል አይተዉት፤ ከአሥር ስድስቱን ለሚነበበው፣ አራቱን ለሚጻፍበት ይስጡ።

አሁን ሁለት ነገር ያስቸግርዎታል። አንደኛው፣ የሴክሽንና የገጽ ዝርዝሩ ግማሽ ስክሪን ላይ ሲቀመጥ ለጽሑፉ የሚተርፈው ቦታ መዳፍ የማታህል መሆኗ ነው። በየመስኮቱ ኤፍ 11ን ይጫኑ፤ ዝርዝሩም ከላይ ያለው ሜኑም ይሰወራል፤ መልሰው ሲጫኑት ይመለሳል። ሁለተኛው፣ ዋንኖት ላይ የሚጻፈው በሳጥን ውስጥ ነው፤ ሳጥኑ መስኮቱ ሲጠብ አብሮ አይጠብም። ስለዚህ መስመሩ ከስክሪኑ አልፎ ይሄድና ለእያንዳንዱ ዓረፍተ ነገር ወደ ቀኝ ወደ ግራ መመላለስ ይመጣል። የሳጥኑን ቀኝ ጠርዝ ይዘው ወደ ውስጥ ይግፉት። አንድ ጊዜ ነው፤ ለዚያ ገጽ በዚያው ይቆያል።

ይህን ካልን በኋላ የምንመክረው ሌላ ነው። የሚነበብ ብቻ የሆነውን ፒዲኤፍ ከዋንኖት ያውጡት። ዋንኖት ደብተር እንጂ የመጽሐፍ መደርደሪያ አይደለም። «ፋይል ፕሪንትአውት» ብለው ሲያስገቡት እያንዳንዱ ገጽ ፎቶ ይሆናል፤ የ200 ገጽ ሀንድአውት 200 ፎቶ ማለት ነው። በአንድ የዋንኖት ገጽ ላይ ሁሉንም ሲያፈሰው 4 ጊጋ ራም ያለው ላፕቶፕ ስክሮል ሲደረግ እየቆመ ነው የሚሄደው። ደብተሩ ይከብዳል፣ ሲንክ ማድረግ (በኢንተርኔት ማመሳሰል) ይዘገያል፤ ደብተሩ በኢንተርኔት የሚቀመጥበት፣ በነጻ የሚሰጠው የዋንድራይቭ ቦታም 5 ጊጋ ብቻ ነው፤ ፎቶና ቪዲዮ ከተጨመረበት ቶሎ ያልቃል። በተለይ ዋይፋይ በሚቆራረጥበት ዶርም «ሲንክ አላደረገም» የሚለው ቅሬታ ብዙ ጊዜ ምንጩ ይኸው ነው።

በግራ ሱማትራ ፒዲኤፍ የሚባለውን የፒዲኤፍ ማንበቢያ፣ በቀኝ ዋንኖትን ያድርጉ። ሱማትራ ነጻ ነው፣ ለአሮጌ ላፕቶፕ ቀላል ነው፤ ዘግተውት ሲመለሱ የነበሩበትን ገጽ ያስታውሳል፤ ይህ ብቻውን የጥያቄዎን ግማሽ ይመልሳል። ከሁሉም የሚጠቅመው ኮንትሮልና 3 ነው፦ የገጹን ባዶ ጠርዝ ቆርጦ ጽሑፉን ብቻ ያሰፋዋል። ልዩነቱን እናስላው። የ14 ኢንች ስክሪን ወርዱ ወደ 31 ሴንቲ ሜትር ነው፤ ግማሹ 15.5። የኤ4 ወረቀት ወርድ 21 ሴንቲ ሜትር ስለሆነ ሙሉ ገጹ በግማሽ ስክሪን ሲገባ የመጠኑን 74 በመቶ ያህል ብቻ ይሆናል፤ በ12 የተጻፈው ፊደል 9 መሰለ ማለት ነው። ግራና ቀኝ ያለው 2.5፣ 2.5 ሴንቲ ሜትር ጠርዝ ሲቆረጥ ግን ጽሑፉ 16 ሴንቲ ሜትር ብቻ ነው፤ ግማሽ ስክሪን ላይ እንኳ በተፈጥሮ መጠኑ ሊነበብ ምንም አይቀረው። ስድስት ለአራት ከከፈሉት ይተርፋል።

ሀንድአውቱ ላይ በእስክሪብቶ ወይም በጣት መጻፍ ከፈለጉ ብቻ ወደ ዋንኖት ያስገቡት፤ ያኔም በቻፕተር ከፍለው፣ ከ20 እስከ 30 ገጽ ሳያልፍ። ለመክፈል ፒዲኤፉን በኤጅ (በዊንዶውስ ብራውዘር) ከፍተው ፕሪንት ይበሉ፤ ፕሪንተር በሚለው ቦታ «ሴቭ አዝ ፒዲኤፍ»ን ይምረጡና በገጽ ቁጥር ሳጥኑ «25-48» ዓይነት ይጻፉ። ካስገቡ በኋላ ፎቶው ላይ ቀኝ ክሊክ አድርገው «ሴት ፒክቸር አዝ ባክግራውንድ» ይበሉት፤ አለዚያ ሲጽፉበት ሀንድአውቱ ራሱ እየተንሸራተተ ጽሑፍዎ ከተጻፈበት መስመር ይለያያል።

ማስታወሻዎ ላይ የገጽ ቁጥር ሲያስቀምጡ ሁለቱንም ይጻፉ፦ ወረቀቱ ላይ የታተመውንና ሶፍትዌሩ የሚያሳየውን። መቅድምና ማውጫ ስላለ መጽሐፉ «ገጽ 1» የሚለው በፒዲኤፉ 13ኛው ሊሆን ይችላል። «48/60» ብሎ መጻፍ ሁለት ሰከንድ ነው፤ በፈተና ዋዜማ ገጽ ማሰስ ግን ሌሊቱን ይበላዋል።

ጥያቄ፦ የ12ኛ ክፍል ተማሪ ነኝ፤ ላፕቶፕ የለኝም። የመማሪያ መጽሐፎቹን ሶፍት ኮፒ ከቴሌግራም አውርጄ በስልኬ ነው የማነበው። ስክሪኑን ለሁለት ልከፍል ብል አማራጩ አይመጣልኝም፤ የጓደኛዬ ስልክ ላይ ግን ይመጣል። (ከሽምብጥ)

መልስ፦ እህታችን፣ ስልክሽ አልተበላሸም። «ሴቲንግ» ገብተሽ ስለ ስልኩ የሚናገረውን ክፍል እይ፤ «አንድሮይድ ጎ» የሚል ካለበት ምክንያቱ እሱ ነው። ጎ የተሠራው ራማቸው ለሚያንስ ስልኮች ነው፤ ሁለት አፕ ጎን ለጎን ሲሠራ ራም ስለማይበቃ ስክሪን መክፈሉ ከመነሻው ተዘግቷል። በአፕዴት አይመጣም፤ «እንከፍታለን» የሚሉትን አፖችም አታውርጂ፤ ማስታወቂያ ከመጫን ያለፈ ሥራ አይሠሩም።

ለሌሎች አንባቢዎች፣ ከአንድሮይድ 9 ወዲህ ባሉ ስልኮች መንገዱ እንዲህ ነው። መጽሐፉን ክፈቱ፤ በቅርብ የተከፈቱ አፖች ወደሚደረደሩበት ሂዱ፤ ከካርዱ በላይ ያለችውን የአፑን ምልክት ነክታችሁ «ስፕሊት ስክሪን» በሉ፤ ቀጥሎ የማስታወሻ አፑን ምረጡ። ሁለት ፒዲኤፍ፣ ለምሳሌ ጥያቄውንና ከመጽሐፉ ጀርባ ያለውን መልስ፣ ልታዩ ስትፈልጉ ብዙ አፖች ሁለት ጊዜ አይከፈቱም። መላው አንዱን በአንድ አፕ፣ ሌላውን በሌላ አፕ መክፈት ነው፤ አንዱ በጎግል ድራይቭ፣ አንዱ በሌላ የፒዲኤፍ ማንበቢያ።

ስልኩን አታጋድሙት። ሲጋደም እያንዳንዱ ክፍል ወርዱ 7 ሴንቲ ሜትር አካባቢ ነው፣ ሲቆምም ያው 7 ነው፤ ቁመቱን ግን በከንቱ ታጣላችሁ። ትልቁ ቀበኛ ኪቦርዱ ነው፤ ልትጽፉ ስትሉ ብቅ ብሎ ከታች ያለውን ክፍል ይውጠዋል። ጂቦርድ የሚባለው የጎግል ኪቦርድ የሚንሳፈፍ ኪቦርድ አለው፤ አሳንሶ ጥግ ማስያዝ ይቻላል፤ አማርኛም ይጽፋል።

ወደ አንቺ እንመለስ። ስክሪን ሳትከፍዪ ሥራሽን የሚያቃልልሽ ይህ ነው፦ ጥያቄዋን ስክሪንሾት አንሺ፣ ከጥያቄዋ በቀር ያለውን ቁረጪና ማስታወሻሽ ውስጥ አስገቢያት፤ ሥራውን ከሥሯ ጻፊ። ጥያቄና መልስ አንድ ገጽ ላይ ሆኑ፤ ሁለት መስኮት ምን ያደርጋል? ለረጅም ንባብ ደግሞ ስልኩን ከላይ፣ የወረቀት ደብተሩን ከታች አድርጊ። የኤ4 ገጽ በስልክ ወርድ ሲገባ ሲሶውን ያህላል፤ በ12 የተጻፈው ፊደል 4 ይሆናል፤ መድኃኒት ካርቶን ውስጥ ተጣጥፎ እንደሚገኘው ወረቀት ነው። በየቀኑ የምትመለሺባቸውን አሥር አሥራ አምስት ገጾች፣ የቀመር ሠንጠረዦቹን በተለይ፣ ፎቶ ኮፒ ቤት አሳትሚያቸው። ቆጣቢ ምክር ባይመስልም ዓይንሽንም የስልክሽን ባትሪም ታተርፊበታለሽ።

ጥያቄ፦ የመመረቂያ ጽሑፌ በጣና ሐይቅ እምቦጭ ላይ ነው። ሁለት ጥናቶች አረሙ የሸፈነውን ስፋት ጠቅሰዋል፤ ቁጥራቸው ግን የሰማይና የምድር ያህል ይራራቃል። ጎን ለጎን ከፍቼ ላነጻጽር ሞከርኩ፤ ከአንዱ ወደ አንዱ ስመላለስ ያነበብኩት ይጠፋኛል። በምን አፕ ቢሠራ ይሻላል? (ከዘንዘልማ)

መልስ፦ አፑ ኦብሲዲያን የሚባለው የማስታወሻ አፕ ይሁን፤ ነጻ ነው፣ ያለ ኢንተርኔት ይሠራል፣ ፒዲኤፍን በውስጡ ይከፍታል። አንደኛውን ጥናት ከፍተው ታቡ ላይ ቀኝ ክሊክ ያድርጉና «ስፕሊት ራይት» ይበሉ፤ በስተቀኝ ባዶ ማስታወሻ ያውጡ። ቀጥሎ በግራ ያለው ጥናት ታብ ላይ «ስፕሊት ዳውን» ብለው በታችኛው ክፍል ሁለተኛውን ጥናት ይክፈቱ። ሁለቱ ጥናቶች በግራ ከላይና ከታች፣ ማስታወሻው በቀኝ ሆነ። የማስታወሻውን ታብ በቀኝ ክሊክ «ፒን» ያድርጉት፤ ሊንክ ሲነኩ ሌላ ነገር እላዩ ላይ እንዳይከፈትበት። ዘግተው ሲከፍቱት አሰላለፉ እንደነበረ ይመለሳል፤ ዋንኖት ይህን አያደርግልዎትም።

ከጥናቱ ቁጥሩ ያለበትን ዓረፍተ ነገር መርጠው ቀኝ ክሊክ አድርገው «ኮፒ ሊንክ ቱ ሰሌክሽን» ይበሉ፤ ማስታወሻው ላይ ይለጥፉት። በኋላ አማካሪዎ «ይህ ከየት መጣ?» ሲሉ ሊንኩን መንካት ነው፤ ፒዲኤፉ በዚያው ገጽ፣ በዚያው ዓረፍተ ነገር ይከፈታል። የፋይሉን ስም መቀየር ካስፈለገ ኦብሲዲያን ውስጥ ይቀይሩ፤ ከፎልደሩ በቀጥታ ከቀየሩት ሊንኮቹ በሙሉ ይሞታሉ።

ይህ የዝግጅቱ ነው። የተቸገሩት ግን በመስኮት ማነስ አይደለም። ሁለት ጽሑፍ ጎን ለጎን ማፍጠጥ ማነጻጸር አይደለም፤ ዓይን ከአንዱ ወደ አንዱ ሲዘል የሚይዘው ቁጥሩን እንጂ ቁጥሩ የመጣበትን አይደለም። ማስታወሻው ላይ ሠንጠረዥ ይሥሩ፤ ለእያንዳንዱ ጥናት አንድ ረድፍ፣ ዓምዶቹም እነዚህ ይሁኑ፦ የሸፈነው ስፋት፣ መለኪያው፣ ምስሉ የተነሳበት ወርና ዓመት፣ ሳተላይቱና የፒክስሉ መጠን፣ የሐይቁ የትኛው ክፍል፣ ሊንኩ።

ለምን እነዚህ? መለኪያው፣ አንዱ በሄክታር ሌላው በካሬ ኪሎ ሜትር ጽፎ ሊሆን ስለሚችል ነው፤ 1 ካሬ ኪሎ ሜትር 100 ሄክታር ነው፤ ዜሮዎቹ ሲሮጡ ዓይን ያታልላሉ። ወሩ፣ እምቦጭ ከክረምት ማግስት እንደሚንሰራፋውና በበጋው ማብቂያ ላይ እንደሚታየው አንድ ስላልሆነ ነው፤ ተንሳፋፊ በመሆኑም ነፋስ ከአንዱ ዳርቻ ወደ ሌላው ይገፋዋል። ዓመቱ ላይ ደግሞ የዘመን አቆጣጠሩን አብረው ይጻፉ፤ እምቦጭ ጣና ላይ መታየቱ የታወቀው በእኛ 2004 ዓ.ም፣ በፈረንጆቹ 2011 ነው፤ በአማርኛ የተጻፈ ሪፖርትና የእንግሊዝኛ ጥናት ጎን ለጎን ሲቀመጡ «2011» የሚለው ቁጥር በሁለቱ ውስጥ የሰባት ዓመት ልዩነት አለው። ፒክስሉ፣ የላንድሳት ሳተላይት አንድ ፒክስል 30 በ30 ሜትር፣ የሴንቲኔል 2 ሳተላይት ደግሞ 10 በ10 ሜትር ስለሆነ ነው። በአንድ የላንድሳት ፒክስል ውስጥ ዘጠኝ የሴንቲኔል ፒክስል ይገባል፤ ዳር ዳሩን የያዘ ቀጭን የአረም መስመር በአንዱ ይታያል፣ በሌላው ከውሃው ጋር ተደባልቆ ይጠፋል ወይም ሙሉ ፒክስል ተቆጥሮ ይጋነናል። ሠንጠረዡ ሲሞላ የሰማይና የምድር ያህል የተባለው ልዩነት ብዙ ጊዜ ከእነዚህ አንዱ ዓምድ ውስጥ ይገኛል። ሠንጠረዡ ከሞላ በኋላ ሁለቱን ፒዲኤፎች ይዝጓቸው፤ መጻፍ ያለብዎት ከእሱ ነው።

ጥያቄ፦ የአብነት ተማሪ ነኝ። የብራና ዳዊት ፎቶ አለኝ፤ ግዕዙን በላፕቶፕ እየጻፍኩ አማርኛውን አጠገቡ ማድረግ እፈልጋለሁ። በወርድ ለሁለት ዓምድ ከፍዬ ጀመርኩ፤ ጥቂት ገጽ እንደሄድኩ ግዕዙና አማርኛው ተለያዩ። (ዲያቆን፣ ከዘጌ)

መልስ፦ ዲያቆን፣ የተለያዩት በእርስዎ ስህተት አይደለም፤ የወርድ ዓምድ የተሠራው ለጋዜጣ ነው። ጽሑፉ የመጀመሪያውን ዓምድ ሞልቶ ወደ ሁለተኛው ይፈሳል እንጂ ግራና ቀኙን አያስተያይም። ከላይ አንድ ቃል ሲጨምሩ ከታች ያለው ሁሉ ይንሸራተታል።

የሚፈልጉት ሠንጠረዥ ነው፤ ለእያንዳንዱ ቁጥር አንድ ረድፍ። ሦስት ዓምድ ያድርጉት፦ በግራ ጠባብ የቁጥር ዓምድ፣ ከዚያ ግዕዙ፣ ከዚያ አማርኛው። ግዕዙ በጥቂት ቃል ብዙ ስለሚል ለአማርኛው ሰፋ ያለ ቦታ ይስጡ። ሠንጠረዡን በሙሉ መርጠው ቀኝ ክሊክ፣ «ቴብል ፕሮፐርቲስ»፣ «ሮው» ይግቡና ረድፍ በገጽ መሃል እንዲቆረጥ የሚፈቅደውን ምልክት ያንሱ። የመጀመሪያዋን ረድፍ ብቻ መርጠው ደግሞ «ሪፒት አዝ ሄደር ሮው»ን ያብሩ፤ «ግዕዝ» እና «አማርኛ» የሚለው ርዕስ በየገጹ ራስ ላይ ይደገማል። መስመሮቹ ዓይን ካስቸገሩ ቦርደሩን ያጥፉ፤ ሲታተም እንደ ድሮው ባለ ሁለት ዓምድ መጽሐፍ ይመስላል።

የቁጥሩ ዓምድ ላይ ጠንቀቅ ይበሉ። በግዕዙ ዳዊት መዝሙር ፳፪ የሆነው በብዙ አዳዲስ እትሞች 23 ነው፤ 176 ቁጥር ያለው ረጅሙ መዝሙር በግዕዙ ፻፲፰፣ በእነዚያ 119 ነው። ምክንያቱ ግዕዙ 9ኛውንና 10ኛውን እንደ አንድ መቁጠሩ ነው። ከ1 እስከ 8 እና ከ148 እስከ 150 ይገጥማሉ፤ በመሃል ያለው ይዛነፋል። በአንዳንድ እትም ደግሞ ከመዝሙሩ በላይ ያለው አርእስት ራሱ ቁጥር 1 ተብሎ ይቆጠራል፤ ያኔ ሁሉም ቁጥር በአንድ ይቀድማል። ስለዚህ ከየትኛው እትም እንደሚቀዱ ሳይወስኑ አይጀምሩ፤ በጠባቧ ዓምድም ሁለቱንም ቁጥር ያስገቡ፣ የግዕዙን በግዕዝ አኃዝ፣ የሌላውን በተለመደው።

ፎቶውን ሠንጠረዡ ውስጥ አያስገቡት። የስልክ ፎቶ አንዱ ብዙ ሜጋባይት ይመዝናል፤ ሃምሳ ፎቶ ሲገባ ወርድ ለመክፈት እንኳ ያቃስታል። ፎቶው በግራ መስኮት በፎቶ ማሳያው፣ ወርድ በቀኝ መስኮት ይሁን። ለፎቶዎቹ በቅጠል ቁጥር ስም ይስጡ፦ «012 ፊት»፣ «012 ጀርባ»፤ ከፊት ዜሮ ካልገባ ኮምፒውተሩ ቅጠል 100ን ከቅጠል 12 በፊት ሊያሰልፈው ይችላል። አዲስ ፎቶ የሚያነሱ ከሆነ በገዳሙ ፈቃድ፣ ያለ ፍላሽ፣ በመስኮት ብርሃን ያንሱ፤ ብርሃኑ ከጎን ሲመጣ የደበዘዘው ቀይ ቀለም ይነበባል፤ ስልኩ ከብራናው ጋር ትይዩ ካልሆነ ግን የዳርና የመሃሉ ፊደል መጠን ይለያያል።

ወርድ በራሱ የሚያስቀምጠው መጠባበቂያ ሲጫን በየ10 ደቂቃው ነው። መብራት ድንገት በሚሄድበት ቦታ፣ ባትሪው በደከመ ላፕቶፕ፣ አሥር ደቂቃ ብዙ ነው። «ፋይል»፣ «ኦፕሽንስ»፣ «ሴቭ» ገብተው ወደ 2 ያውርዱት።

ጥያቄ፦ አንድ ሰነድ ውስጥ ያለ ቃል በኮንትሮልና ኤፍ ስፈልግ «የለም» ይለኛል፤ በዓይኔ ግን እያየሁት ነው። (ሦስት አንባቢዎች በየፊናቸው)

መልስ፦ ሦስት ምክንያት አለው።

ሰነዱ ስካን ከሆነ ፎቶ ነው፤ ፊደል የለውም። ወደ ጎግል ድራይቭ ሰቅላችሁ «ኦፕን ዊዝ ጎግል ዶክስ» ስትሉት ፎቶውን አንብቦ ወደ ጽሑፍ ይቀይረዋል፤ አማርኛም ያነባል። ፋይሉ ከ2 ሜጋባይት አይብለጥ፤ ትልቁን ከፋፍሉት። የወጣውን ሳታርሙ አትመኑት።

ቃሉን ኮፒ አድርጋችሁ ሌላ ቦታ ስትለጥፉት የፈረንጅ ፊደልና ምልክት ትርምስ ከወጣ፣ ሰነዱ የተጻፈው ከዩኒኮድ (ኮምፒውተሮች ሁሉ ከሚጋሩት የፊደል መለያ) በፊት በነበረ የግዕዝ ፎንት ነው። ዓይናችሁ «ት» ያያል፣ ኮምፒውተሩ ግን ከሥሩ የላቲን ፊደል ነው ያለው። ድሮ በመሥሪያ ቤቶች የተጻፈ ብዙ ነገር እንዲህ ነው። እንዳለ ወደ ጎግል ዶክስ ብትወስዱት ትርምሱን ይዞ ሊመጣ ይችላል፤ ገጹን ስክሪንሾት አንስታችሁ ፎቶውን አስነብቡት።

ሦስተኛው የራሳችን ፊደል ነው። «ፀሐይ» ብሎ የጻፈ አለ፣ «ጸሀይ» ያለም አለ፤ ለኮምፒውተሩ የማይተዋወቁ ቃላት ናቸው። በወርድ የላቀውን መፈለጊያ ከፍታችሁ «ዩዝ ዋይልድካርድስ»ን አብሩና እንዲህ ጻፉ፦ [ጸፀ][ሀሃሐሓኀኃ]ይ። ሁሉንም አጻጻፍ በአንድ ጊዜ ያወጣል። ኦብሲዲያን ላይም ያው ነው፤ ከፊትና ከኋላ አንዳንድ እዝባር ብቻ ይጨመርበታል፦ /[ጸፀ][ሀሃሐሓኀኃ]ይ/።

ጥያቄ፦ አማካሪዬ ረቂቄን በራሳቸው እጅ አስተካክለው ላኩልኝ፤ ምኑን እንደቀየሩ ግን ምልክት አላደረጉም። ሁለቱን ጎን ለጎን ብከፍትም ልዩነቱን በዓይን መያዝ አልቻልኩም። (የማስተርስ ተማሪ)

መልስ፦ በዓይን አይሞክሩት። ወርድ ላይ «ሪቪው» ውስጥ «ኮምፔር» አለ፤ የእርስዎን በመጀመሪያው፣ የእሳቸውን በሁለተኛው ሳጥን ያስገቡ፤ የተቀየረው ሁሉ ቀለም ተቀብቶ በሦስተኛ ሰነድ ይወጣል። ሁለቱ ዋና ሰነዶች አይነኩም።

አጠቃላይ አደረጃጀቱን ለማየት ከሆነ «ቪው» ውስጥ «ቪው ሳይድ ባይ ሳይድ» ይበሉ። ቁልፉ ደብዝዞ አልነካ ካለዎት ሁለተኛው ሰነድ ወርድ ላይ አልተከፈተም ማለት ነው፤ ፒዲኤፍ አይቆጠርም። ሁለቱ አብረው ስክሮል ሲያደርጉ እሳቸው አንድ አንቀጽ የጨመሩበት ቦታ ላይ ይለያያሉ። «ሲንክሮነስ ስክሮሊንግ»ን ያጥፉ፣ ሁለቱንም አንድ ርዕስ ላይ ያገጣጥሙ፣ መልሰው ያብሩት፤ ከዚያ ወዲያ እስከሚቀጥለው ጭማሪ ድረስ እኩል ይሄዳሉ።

ጥያቄ፦ ቤት ያለውን ቴሌቪዥን እንደ ሁለተኛ ስክሪን መጠቀም ይቻላል? (ከቀበሌ 14)

መልስ፦ በኤችዲኤምአይ ገመድ ይቻላል። ካገናኙ በኋላ የዊንዶውስ ቁልፍንና የ«ፒ» (P) ቁልፍን አብረው ተጭነው «ኤክስቴንድ»ን ይምረጡ፤ «ዱፕሊኬት» ላይ ከሆነ ያንኑ ስክሪን ይደግመዋል እንጂ ቦታ አይጨምርም። ቴሌቪዥኑ ላይ የሚነበበውን፣ ላፕቶፑ ላይ የሚጻፍበትን ያድርጉ። የስክሪኑ ዳር ተቆርጦ ከታየ ጥፋቱ የቴሌቪዥኑ ነው፤ በራሱ ሪሞት የምስል መጠን ወደሚስተካከልበት ገብተው «ጀስት ስካን» ወይም «ፊት ቱ ስክሪን» የሚለውን ይምረጡ። ፊደሉ ትንሽ ደብዘዝ ካለ ሻርፕነስ የሚለውን ዝቅ ያድርጉት፤ ለፊልም ተብሎ ከፍ የተደረገው የፊደሉን ጠርዝ ነው የሚያበላሸው።